ታዛቢው ክንድ

በዳምራ ቤተ መንግሥት ጣሪያ ሥር ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የኖሩት ንቦች አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ግልብጥ ብለው ወጡ። ንጉሥ ዘርማን በዙፋኑ እንደተቀመጠ፣ ዘበኞቹ ጦራቸውን እንደጨበጡ፣ ሕዝቡም በአደባባዩ አንገቱን ሽቅብ እንዳቀና፣ ያ ጥቁር ደመና እያጉረመረመ ከተማዋን አንድ ጊዜ ዞራትና ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቀልማ ተራራ ነጎደ። ሽማግሌዎች ኩታቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ። ሴቶች «ኧረ ጉድ! ኧረ ጉድ!» እያሉ ልጆቻቸውን ወደ ቤት ሰበሰቡ። «ንብ እንኳ ጥሏት ከሄደ ይህች ከተማ ምን ቀራት?» ተባለ።

እርግጥ መከራው ከንቦቹ ቀድሞ ደርሷል። ሽርጋ የሚባለው አውሬ፣ ክንፉ አውድማ የሚያህል፣ ቆዳው እንደ ረመጥ የሚጤስ፣ ከቀልማ ዋሻው እየተወረወረ በከተማዋ ቅጥር ላይ መውረድ ከጀመረ ክረምትና በጋ ተፈራርቀዋል። ሽርጋ የገደለው ሰው ይለቀስለታል፣ ይቀበራል፣ ያበቃል። ጭንቁ ያቆሰለው ነው። የሽርጋ ጥፍር የቀደደው ቆዳ አይገጥምም፤ ጠርዙ እንደ ከሰል ይጠቁራል፤ ጥቁረቱም በዝግታ ወደ ልብ ይጓዛል። ልብ የደረሰ ዕለት ሰውየው የለም።

ንቦቹ በሄዱ ማግስት የመድኃኒት ሸንጎው ተሰብስቦ ፈረደ። «አውሬውን የሚጠራው የቁስሉ ሽታ ነው። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ቀን ቁስለኞቹ ሁሉ ከምሥራቁ በር ውጭ ይጣሉ!» ሲል ሊቀ ሸንጎ ደርብ አወጀ። ንጉሡ ዓይኑን ወደ መሬት ሰብሮ ዝም አለ፤ ዝም ማለቱም እንደ መፍቀድ ተቆጠረ።

ከቁስለኞቹ አንዱ የቅጥር ዘበኛው ይርጋ ነው። አዋጁን የሰማችው እኅቱ ሰዋሪት ድሮም እግሯ የማያርፍ ልጅ ናት፤ ሲያስቀምጧት ትነሳለች፣ ሲያቆሟት ትሄዳለች። ሁሉን ነገር የምትሠራው በግራ እጇ ስለሆነ ይርጋ «ግራዬ» ነው የሚላት። ልጆች ሳሉ በዚያ በግራ እጇ ኩርኩም ስታቀምሰው አናቱን እያሻሸ፣ «ምነው በቀኝሽ በመታሽኝ! ያ እንኳ አያመኝም ነበር!» እያለ ያስቃት ነበር። ያ ቀልደኛ ወንድሟ አሁን በቁስለኞች ግቢ ተዘግቶበት፣ ጥቁረቱ ከወገቡ ወደ ጎድኑ እየወጣ ነው። እሷም ከቤቷ እስከ ግቢው በር፣ ከበሩ እስከ ቤቷ ስትመላለስ ትውላለች። እህል አይወርድላትም። እንቅልፍ የሚባል ነገር ከዓይኗ ጠፍቷል።

እናታቸው እመት ማርዳ ጥግ ይዛ ታያታለች። ማርዳ በደህናው ዘመኗ ከአምዛ ዛፍ ፍሬ ዘይት የምታወጣ፣ ስሟ የተጠራ መድኃኒተኛ ነበረች። የዳምራ ሕግ ግን ማንኛውም ዘይት በሰው ቁስል ላይ ከመፍሰሱ በፊት መድኃኒተኛው በራሱ ገላ እንዲፈትነው ያዛል። የሁለቱ ክንዶቹ ቆዳ በአንድ ስለት፣ በአንድ እጅ፣ በአንድ ሰዓት ይቀደዳል። ቀኙ ይቀባል። ግራው እንዲሁ ይተዋል፤ ስሙም ታዛቢው ክንድ ይባላል። ቀኙ ከታዛቢው ቀድሞ ከገጠመ መድኃኒቱ መድኃኒት ነው። ማርዳ ክንዶቿ ተቀድደው፣ የፈተናውን መሐላ ጠብቃ በሸንጎው ፊት ፋሻዋ ሲፈታ ሁለቱም ክንዶቿ እኩል ገጥመው ተገኙ። «ገላዋ ነው የዳነው፤ ዘይቷ ውሃ ነው!» ተባለ። የአምዛ ዛፎች ከአገሩ ሁሉ ተቆርጠው ተማገዱ። ማርዳም ከዚያ ወዲህ የማንንም ቁስል ነክታ አታውቅም።

«እማዬ፣» አለች ሰዋሪት በሩ ላይ ቆማ፣ «ዘይቱ ይሠራል ወይስ አይሠራም? እውነቱን ንገሪኝ!»

«በከብት ቁስል ላይ ሲሠራ አይቻለሁ። በራሴ ገላ ላይ ደግሞ ሳይሠራ አይቻለሁ። ምኑን አውቄ ልንገርሽ ልጄ?» አለች ማርዳ ድምጿ እየተሰበረ። «አንድ ነገር ብቻ ያዢ፤ ዘይት ቁስል ይዘጋል እንጂ የሞተ ሥጋ አያስነሳም። ከዘገየ ከንቱ ነው።»

ሰዋሪት ይህን ሰምታ ቤት አልዋለችም። ሰው እየገፋች፣ ዘበኛ እየለመነች ከዙፋኑ ፊት ቀርባ በግንባሯ ተደፋች።

«ግርማዊ ሆይ! የከተማችን አበባ በሽርጋ ጭስ ደርቋል። ንብ ደግሞ አበባ ወደሌለበት አይሄድም። እናቴ እንደምትለው ንብ ከአበባ ሁሉ አስበልጦ የሚወደው አምዛን ነው። ንቦቹ ቀልማ ከገቡ አምዛ ቀልማ ላይ አለ። ይፍቀዱልኝና ልሂድ! ዘይቱን በሽርጋ ቁስል ላይ፣ በገዛ ገላዬ ፈትኜ ጨረቃ ሳትሞላ በፊትዎ እቆማለሁ። ካልሆነልኝ ከወንድሜ ጋር ከበሩ ውጭ ጣሉኝ፤ በፈጠረኝ እምላለሁ፣ አላለቅስም!»

ሊቀ ሸንጎ ደርብ ከት ብሎ ሳቀ። «የእናትሽን ውሃ ልትቀጂልን ነው?»

«ትሂድ!» አለ ንጉሡ፤ ድምፁን ካሰማ ስንት ጊዜው ነበር። «የሸንጎው ዓይን ግን አብሯት ይሂድ፤ ፈተናው በሕግ ይፈጸም።»

የሸንጎው ዓይን የሚባሉት እመት ቀጸላ ናቸው፤ ፈተናን ሁሉ የሚጠብቁ፣ ፋሻ የሚያስሩና በሰም የሚያትሙ፣ ፊታቸው የማይፈታ ባልቴት። ሁለተኛው ተጓዥ ሳይጠራ መጣ። ጓንጉል ይባላል፤ የቅጥር ዘበኞች አለቃ፣ ትከሻው በር የሚዘጋ። «ይርጋ የቆሰለው እኔን ገፍትሮ ነው። ያ ጥፍር የመጣው ለእኔ ነበር። እንዴት ብዬ ነው ቤቴ የምቀመጠው?» አለና ጦሩን አነሳ።

ጉዞው ጉዞ አይባልም፤ ሩጫ ነው። ሰዋሪት ከፊት ትሮጣለች፣ ተመልሳ ትጣራለች፣ ደግሞ ትሮጣለች። ውሃ ለመጠጣት ሲቆሙ እንኳ እሷ ድንጋይ እየረገጠች ትዞራለች። ሰማይ ላይ ጨረቃ በቀን ሳይቀር ብቅ እያለች፣ ባየቻት ቁጥር ወፈር ብላ ትታያታለች።

«ኧረ ባክሽ አንድ ጊዜ ቁጭ በይ!» አሉ እመት ቀጸላ ከበቅሏቸው ላይ። «በቅሎዋ እንኳ ታዘበችሽ።»

«ብቀመጥ ጨረቃዋ ትቀመጥልኛለች እንዴ እመት?»

ጓንጉል ሳቁን ዋጠ። ከተራራው ግርጌ ሲደርሱ ግን በቅሎዋ አልሄድ አለችና ሳይወዱ አረፉ። ሰዋሪት ከሄዱ ጀምሮ ጉሮሮዋ ላይ የቆመውን ጥያቄ አወጣችው።

«ያን ጊዜ እናቴን የጠበቋት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። እንደ እናትሽ ያለ ለመሐላው የታመነ ሰው አላየሁም፤ ይህን ለማንም እናገራለሁ» አሉ እመት ቀጸላ። «መሐላ የገባ መድኃኒተኛ ፋሻው እስኪፈታ ክንዶቹን ደረቱ ላይ አመሳቅሎ መቆየት አለበት። ሌላው ሲሰለቸው ይዘረጋል። እሷ ግን ተኝታ እንኳ ስትዘረጋ ቀስቅሼ ሳመሳቅላት አንድ ቀን አልተቆጣችኝም። እንዲህ አድርጋ…» ብለው ቀኝ ክንዳቸውን በግራው ላይ አስተኝተው አሳዩ።

ሰዋሪት ባለችበት ደርቃ ቀረች። ከከተማ ከወጡ ወዲህ እግሯ ሲቆም ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ቀኙን በግራው ላይ?»

«አዎ፣ በሕጉ።»

«ዘይት የተቀባውን ክንድ ባልተቀባው ላይ?»

«አዎ፣ እንዲያ ነው እን…» እመት ቀጸላ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። ደረታቸው ላይ የተኙትን ክንዶች ቁልቁል አዩአቸው።

«ዘይት እኮ ነው እመት! ዘይት ጨርቅ ውስጥ ይቀመጣል እንዴ?» ጮኸች ሰዋሪት። «ከቀኙ ፋሻ ወደ ግራው እየዘለቀ ሁለቱንም አዳነ! የእናቴ ዘይት ሠርቶ ነው የተፈረደባት! ቶሎ ቶሎ ሠርቶ!» እየሳቀች ነበር፤ እንባዋ ግን አገጯ ደርሷል።

ባልቴቷ ክንዶቻቸውን የሚያሳርፉበት አጡ። «እኔ ነኝ እኮ» አሉ በመጨረሻ፣ «እየቀሰቀስኩ ያመሳቀልኳት እኔ ነኝ።» 

በቀልማ ትከሻ ላይ፣ ከሽርጋ ዋሻ በታች፣ የአምዛ ዛፎች ቢጫ አበባቸውን አንዠርግገው ቆመው ነበር። የዳምራ ንቦች በትልቁ ዛፍ ላይ ሰፍረው ሸለቆውን በዝማሬያቸው ሞልተውታል። ከዛፉ ሥር ያለውን ሲያዩ ግን ሦስቱም ከድንጋይ ኋላ ተደፉ። ሽርጋ እዚያው ነው። የዘበኞች ጦር የወጋውን ጎኑን ከአምዛው ግንድ ጋር ያሻሻል፤ ከተላጠው ልጥ የሚወጣው ወዝ በቁስሉ ላይ ይወርዳል። የቆዩት ጠባሳዎቹ ሁሉ ጥርቅም ብለው ገጥመዋል።

«አየህ ጋሼ ጓንጉል?» አለች ሰዋሪት በሹክሹክታ። «የራሱን መድኃኒት ያውቃል፣ ይህ ርጉም!»

አውሬው ማሻሸቱ በቅቶት ክንፉን ዘርግቶ ሲነሳ ጠብቃ ወደ ዛፉ ወጣች። ጓንጉል «ቆይ እንጂ!» ሲላት እሷ ቅርንጫፍ ላይ ናት። ፍሬውን በግራ እጇ እየሸመጠጠች ከረጢቷን ሞላች፤ ሌላም ሞላች። ያኔ ነው ፀሐይ የጠፋችው። ሽርጋ በላያቸው ተመልሷል!

ጓንጉል ጦሩን ሰብቆ «ወዲህ! ወዲህ ና፣ የጉድ ልጅ!» እያለ አገሳ። አውሬው ግን ዛፉን የደፈረችውን ነው የፈለገ። ጥፍሩን ወርውሮ ሲመታ ሰዋሪት ከቅርንጫፏ ተንሸራተተች፤ ጥፍሩም ግንዱ ውስጥ እስከ ሥሩ ተቀረቀረ። ዛፉ ተናወጠ፤ የንቦቹ መንጋ ተቆጥቶ ተነሳና በአውሬው ዓይን፣ በአፍንጫው፣ በጎኑ ቁስል ገባ። ሽርጋ ተራራውን ያናወጠ ጩኸት ጮኸ። ራሱን ሲነቅል ጥፍሩን እዚያው ትቶ፣ በጭፍኑ ከገደል ገደል እየተላተመ ወደ ዋሻው ገባ።

ወደ ሸለቆው ወርደው ፍሬውን አመሱት፣ ወቀጡት፣ በሞቀ ውሃ አሹት። ከላይ የተንሳፈፈውን ዘይት ሰዋሪት እናቷ እንዳስተማረቻት እየገፈፈች በቅል ሞላች። ከዚያ ከግንዱ የነቀሉትን የሽርጋ ጥፍር ለጓንጉል አቀበለችው፤ ክንዶቿንም ዘርግታ ተቀመጠች።

ጓንጉል ጥፍሩን አየ፣ እሷን አየ። «እኔ ክንድ ላበድር እችላለሁ። የእኔን ቁረጪ።»

«ሕጉ የመድኃኒተኛውን ነው የሚለው። በል፣ ሳልፈራ ቁረጠኝ።»

«አንቺ ልጅ፣ ግራሽ እኮ የሥራ እጅሽ ነው!»

«ቀኝ ይቀባል፣ ግራ ይታዘባል። እኔ አላወጣሁትም» አለችው። ፈርታለች፤ በጣም ፈርታለች። ጓንጉል እያለቀሰ ሁለቱንም እኩል ቀደዳቸው። እመት ቀጸላ ቀኙን ቀብተው አሰሩ። ግራውን ደረቁን ጠቅልለው በሰም አተሙ። ከዚያ ማንም ሳያዛቸው ረጅም ዱላ ቆርጠው መጡ፤ በትከሻዋ ላይ እንደ ቀንበር አጋድመው አንዱን ክንድ በአንዱ ጫፍ፣ ሌላውን በሌላው ጫፍ አሰሩት።

«በዚህ ጊዜ አይነካኩም፤ ስለ ሕጉ በሸንጎው ፊት እኔ እመልሳለሁ» አሉ ጥርሳቸውን ነክሰው።

እንዲህ ሆና ተመለሰች። ሁለት እጇ ተዘርግቶ የታሰረ ሰው መሮጥ አይችልም፤ ፊቱን ማከክ እንኳ አይችልም። ጓንጉል እያጎረሰ፣ ውሃ እያጠጣ፣ ዝንብ እያባረረላት ይሄዳል። «አፍሽን ክፈቺ፣ ሙሽሪት!» ሲላት ትስቃለች፤ ስቃ ሳትጨርስ ደግሞ በግራ ክንዷ ውስጥ እሳት ይሄዳል። የቀኙ ማሳከክ ጀመረ፤ የሚድን ቁስል ማሳከክ። የግራው ጥቁረት ከፋሻው በላይ ብቅ አለ። ጨረቃ ቀድማቸው ትሄዳለች። ሰዋሪት መቆም አልቻለችም፣ መተኛት አልቻለችም፣ ማልቀስም አልቻለችም፤ «እንሂድ! እንሂድ!» ብቻ ነው አፏ ላይ የቀረው።

የዳምራ ቅጥር ከሩቅ ሲታይ ጥቁረቱ ክርኗ ሥር ደርሶ ነበር። እመት ቀጸላ ከበቅሏቸው ወርደው ፊቷ ቆሙ። ቅሉን ከጓንጉል አንገት አውልቀው ይዘዋል።

«ስሚኝ ልጄ። አሁን ቢቀባ ክንድሽ ይተርፋል። ነገ አይተርፍም። ፋሻውን ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ ማኅተሙም በእጄ ነው። ልፍታውና ልቀባሽ። በዕድሜዬ ሐሰት ተናግሬ አላውቅም፤ ዛሬ ስለ አንቺ እናገራለሁ።»

ሰዋሪት ቅሉን አየችው። ዘይቱ ሲናጥ ይሰማታል። ያቺ እጅ ፍሬ የለቀመች፣ ክር የፈተለች፣ ይርጋን በኩርኩም ያለች እጅ ናት። «እሺ» ልትል ምንም አልቀራትም ነበር።

«እመት፣» አለች እየተንሰቀሰቀች፣ «ሁለቱም ድነው ከተገኙ ደርብ ምን ይላል?»

ባልቴቷ ቅሉን ደረታቸው ላይ አስጠጉት።

«‹ገላዋ ነው› ይላል። እንደ እናቴ ይፈርድብኛል፤ ወንድሜንም ያወጡታል። ይተዉት። ይታዘብ።»

እመት ቀጸላ ቅሉን ለጓንጉል መልሰው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ቀን ረፋዱ ላይ ቁስለኞቹ በምሥራቁ በር ተሰልፈው ነበር፤ መቆም ያቃተው ይርጋ በቃሬዛ ላይ ነው፣ እናቱ ማርዳም አጠገቡ ቆማለች። ሰዋሪት በቀንበሯ አደባባዩን አቋርጣ ስትገባ ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለላት። ንጉሡም ሸንጎውም ተነሱ። እመት ቀጸላ ቀኙን ፈቱ፤ የሽርጋ ጥፍር የቀደደው ቆዳ እንደ ሕፃን ቆዳ ቀልቶ ገጥሟል። በአገሩ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም። ከዚያ ሰሙን ሰበሩና ግራውን ፈቱ። ከጣቷ እስከ ክርኗ በላይ ከሰል ነው።

«በአንድ ስለት፣ በአንድ እጅ፣ በአንድ ሰዓት!» ብለው ጮኹ እመት ቀጸላ። «እኔ የሸንጎው ዓይን መሰከርኩ! በማርዳ ላይ የተፈረደው ግን በእኔ ስሕተት ነው። ክንዶቿን ያነካካሁት እኔ ነኝ፤ ዘይቱ ያኔም መድኃኒት ነበር!»

ሊቀ ሸንጎ ደርብ የተሰበረውን ሰም ከመሬት አንስቶ አገላብጦ አየው። ከሸንጎው ሰዎች ቀና ብሎ ሰዋሪትን ያየ የለም። ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዶ በራሱ እጅ ቅሉን ለማርዳ ሰጣት። ማርዳ ከስንት ዘመን በኋላ የሰው ቁስል ነካች፤ መጀመሪያ የነካችው የልጇን ጎድን ነው። ጥቁረቱ ልቡ አጠገብ ነበር፤ ሥጋው ግን ገና አልሞተምና ደረሰችበት።

የሰዋሪት ግራ ክንድ ግን ሥጋው ሞቶ ነበርና ያን ዕለት ቆርጠው ጣሉት። ጓንጉል ራሷን ታቅፎ ያዘ፤ ጩኸቷን ከተማው ሁሉ ሰማው። በኋላ የአምዛ ችግኝ በየግቢው ተተከለ፣ ንቦቹም ተመለሱ። ቁስል የማይፈሩ ዘበኞች ቅጥሩ ላይ ቆመው ሽርጋን በጦር ጥለውታል፤ ጥሎት የሄደው ጥፍር አሁንም የምሥራቁ በር ላይ ተሰቅሎ ይታያል። ከዚያ ወዲህ በዳምራ መሐላ የሚገባ መድኃኒተኛ ክንዶቹን አያመሳቅልም፤ ግራና ቀኝ ዘርግቶ ይቆማል።

ሰዋሪት ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አልጠበቀችም። ከአልጋ እንዳትነሳ ብትከለከልም፣ ትንሽ ጉልበት እንዳገኘች ግድግዳ እየተደገፈች ይርጋ ወደተኛበት ክፍል ሄደች። ይርጋ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ፊቱ ላይ ደም ተመልሷል። ዓይኑ በተንጠለጠለው ባዶ እጅጌዋ ላይ ቀረ።

«ምን ታያለህ?» አለችው። ጠጋ ብላ በቀኝ እጇ አናቱን በኩርኩም አለችው። እጇ አልለመደምና አናቱን ስታ ጆሮውን አገኘችው።

«አላመመኝም» አለ ይርጋ። እንደ ድሮው ሊስቅ ሞከረ፤ ከዚያ ባዶ እጅጌዋን ይዞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሰዋሪትም አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች፤ እስኪበቃውም አልተነሳችም።